ከቀበሌዋ ያልተለየችው ሉባባ

አገር ምኑን እንደሚሸሽግና ምኑን ደጅ እንደሚያሰጣ ለማወቅ ማመልከቻ ጸሐፊ መሆን ይበቃል። እኔ መካነ ሰላም ከገበያው ዳር አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ የተቀደደ ጃንጥላና ሁለት እስክሪብቶ ይዤ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት የታዘብኩት ነገር ቢኖር ይኼ ነው፦ እኛ ዘንድ መሸሸግ ያለበት ደጅ ይውላል፣ ደጅ መዋል ያለበት ይቆለፍበታል። እስቲ እናንተው ፍረዱ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተራ ስትጠብቁ ካርድ አውጪዋ በመስኮት ብቅ ትልና «ያ ሽንቱ የሚያስቸግረው ሰውዬ የት ሄደ?» ብላ ትጣራለች። ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል። ሚስታችሁ እንኳ ያልሰማችውን ጉድ ገበያተኛው ተሸክሞት አገሩ ይገባል። ይህንን የሚቆልፍ ቁልፍ እስከ ዛሬ አልተሠራም። በአንጻሩ ደግሞ ቀበሌ ሂዱና «ባለፈው ስብሰባ ስለ ምንጩ የተወሰነው ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለምን ፈለጉት?» ትባላላችሁ። የምትጠጡት ውኃ ስለሆነ ነዋ!

ቁጣ ቶሎ ይመጣብኛል፣ አልዋሽም። ሐኪም «ጨው ቀንስ» ብሎኛል፤ «ቀበሌ ቀንስ» ቢለኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ምርጫን እዩት። ማንን እንደመረጥኩ የምናውቀው እኔና ሳጥኑ ብቻ መሆን አለብን፤ ይኼ ምስጢር ነው፣ ይቆለፍ። መምረጤን ግን ጎረቤቴ ቢያውቅ ምን እጎዳለሁ? እንዲያውም ይወቅልኝ። ስሜ ከመዝገቡ አለመፋቁን፣ የሌለ ሰው አለመጨመሩን፣ የሞተ ተነሥቶ አለመሰለፉን አይቶ «እረ ይኼ ነገር!» የሚለው እሱ ነው። የመራጮች ስም ዝርዝር ሕዝብ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ የተባለውም ለዚሁ ነው። በዚያ በገዢው ግንባር ዘመን ግን ነገሩ እግሩ ወደ ላይ ሆነ። ማንን እንደምመርጥ አምስታችንን የሚጠብቀው ጠርናፊ እኔ ራሴ ሳልወስን ያውቀዋል፤ ስሜ መዝገብ ላይ መኖር አለመኖሩን ግን እኔ ብጠይቅ የደህንነት ጉዳይ ነው እባላለሁ። ይህን እያሰብኩ ብዙ ጊዜ ብቻዬን እናደድ ነበር። ሉባባ መጥታ ንዴቴን ቤትና ስም እስክትሰጠው ድረስ ማለቴ ነው።

ሉባባ ከመካነ ሰላም ግማሽ ቀን የእግር መንገድ ላይ ካለች፣ ስሟን ከማልጠራት አንዲት የደጋ ቀበሌ ናት። በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ሠላሳ ቢሞላት ነው። የግራ ክንዷ ላይ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ የሚደርስ የካውያ ጠባሳ አላት። ጅዳ አምስት ዓመት የሰው ልብስ ስትተኩስ ኖራ ከተመለሰች ገና ወር አልሞላትም። ከጉያዋ በፌስታል የተጠቀለለ ደብዳቤ አውጥታ «ጋሼ፣ አፈር ስሆን ይህችን ይዩልኝ» አለችኝ።

አየሁት። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ የጻፈው ነው። «ባለይዞታዋ አምስት ዓመት ሙሉ ከቀበሌው ጠፍተው የኖሩ በመሆኑ» ይልና፣ ሁለት ጥማድ መሬቷ ተነሥቶ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች እንደሚሰጥ፣ ተቃውሞ ካላት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በማስረጃ እንድታቀርብ ያዛል። ከአሥራ አምስቱ ቀን ስድስቱ አልፈዋል።

«መሬቱ ጦም አድሮ ነበር?» አልኳት።

«ኧረ ወላሂ አንድ ክረምት ጦም አላደረም! አባባ ይማም በእኩል ያርሱታል። የማዳበሪያውን ብር ከዚያ ሆኜ እየላክሁ። ገብሱም ባቄላውም በየዓመቱ ተወቅቷል። እናቴ ነፍሷ እስክትወጣ ከዚያ መሬት ነው የበላችው።»

እናቷ የሞተችው ሉባባ በሄደች በሦስተኛው ዓመት ነው። ወሬው በስልክ ደረሳት። አሠሪዋ እመቤት «ሥራሽን ጨርሺ» ስላለቻት መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧ ከፍታ፣ የውኃው ድምፅ ለቅሶዋን እያፈነላት አለቀሰች። ይህንን ስትነግረኝ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ለቅሶ አልደረሰችም፣ አፈር አላለበሰችም፣ ሰደቃውን አላየችም። ወንድም እህት የላትም። የቀራት ያቺ ሁለት ጥማድ ናት፤ በይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟ ከእናቷ ስም ጎን ተጽፏል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ይኼ ነው። ከእናቷ የተረፈው አፈር ወይ ይቀርላታል ወይ አይቀርላትም።

ማመልከቻ ልጽፍ ወረቀት ሳወጣ ሉባባ እንደ ዋዛ «ደግሞ እኮ ጋሼ፣ አባባ ይማም የሚሉኝ ነገር አለ። እኔስ አልገባኝም» አለችኝ። ጋሽ ይማም፣ ያ በእኩል የሚያርስላት ሽማግሌ፣ ባለፈው ምርጫ የሕዝብ ታዛቢ ሆኖ በጣቢያው ውስጥ ተቀምጦ ውሎ ነበር። ምርጫው የተደረገው ሉባባ ጅዳ ሁለተኛ ዓመቷን ስትይዝ ነው። በዚያን ቀን የሉባባ ስም ሲጠራ ሰማ። ቀና ሲል ከስሟ ትይዩ የሰማያዊ ቀለም አሻራ አርፏል፤ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ግን ሰው የለም።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» ብላ ጠይቃዋለች።

«ፈራሁ፣ ልጄ። አላህ ይየኝ፣ ፈራሁ» አላት።

በቁጣ ብድግ ስል ጃንጥላዬ ተገለበጠ። ከዚያ ግን ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ እየጠራ መጣ። ምን ማለት እንደሆነ ታያችሁ? አንድ ቀበሌ፣ በአንዱ እጁ «ይቺ ሴት አምስት ዓመት እዚህ አልነበረችም» ብሎ መሬቷን ይወስዳል። በሌላው እጁ «ይቺ ሴት መጥታ መርጣለች» ብሎ በማኅተም አረጋግጧል። ከነበረች መሬቱ የእሷ ነው። ካልነበረች ደግሞ የመረጠው ማን ነው? የሚያስፈልገን ያቺን የመዝገብ ገጽ ማየት ብቻ ነበር። በማግስቱ ማልጄ ከሉባባ ጋር ወደ ቀበሌዋ ወጣሁ።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ በደማቅ ቀለም የታተመ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ «መረጃ የማግኘት መብት አለዎት!» ይላል። ወረቀቱ መስኮቱን ስለሸፈነው ውስጥ ያለው አይታይም። ከሥሩ የተቀመጠው የመረጃ ሠራተኛው ጌትነት ነው። ጌትነት ክፉ ልጅ አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። አዲስ ምርጫ እየተቃረበ ስለነበር ለአራት ቀን ስልጠና ደሴ ተልኮ፣ ቦርሳና ፍላሽ ተሰጥቶት ከተመለሰ ሦስት ወር ሆኖታል። ፍላሹን በክር አድርጎ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ኮምፒውተር ጥልፍ ልብስ ለብሳለች።

«የባለፈውን ምርጫ የመራጮች መዝገብ ማየት እንፈልጋለን። አንዲት መስመር ብቻ» አልኩት።

«አይቻልም፣ ጋሼ። የድሮውም የአዲሱም ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ ተቆልፏል። ዋናው መዝገብ የብረት ሳጥን ውስጥ ታሽጓል። የሳይበር ጥቃት አለ።»

«ሳይበር ደግሞ ማነው?»

«በሽቦ የሚገባ ሌባ ነው። ባሕር ማዶ ተቀምጦ መዝገብዎን ይለውጠዋል።»

ሽቦውን ፈለግሁ። ከኮምፒውተሯ ወጥቶ ግድግዳው ውስጥ የሚገባው የመብራቱ ገመድ ብቻ ነው። መብራቱም በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ይባባላል። ባሕር ማዶ ያለው ሌባ እዚህ ቀበሌ ለመግባት እንደኔው ከመካነ ሰላም በእግሩ ዳገቱን መውጣት ነበረበት።

አትሳሳቱ፣ ሌባው የለም አላልኩም። ዓለም ረቅቋል፤ አንድ ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ የአገር መዝገብ ሊያበላሽ ይችላል ቢሉኝ አምናለሁ። የሰው ስልክ ቁጥር፣ ማን ለማን ከዓረብ አገር ምን እንደላከ፣ ማን በምን እንደታመመ፣ ይህ ሁሉ ይቆለፍ፣ እደግፋለሁ። የመራጮቹም መዝገብ ቢሆን እንዳይለወጥ ይጠበቅ። ነገር ግን እንዳይነካ መጠበቅና እንዳይታይ መደበቅ አንድ አይደሉም። እርጎ ያስቀመጠች ሴት ድመት እንዳትልስባት ትከድነዋለች እንጂ ባለቤቱ እንዳያየው ብላ አትከድነውም። ደግሞስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈን ስም ማን ይደፍራል? ውኃ ቀጂው ያነበዋል፣ ከገበያ ተመላሹ ያነበዋል፣ ተማሪው ለማያነበው ያነብለታል። ዛሬ አንድ ስም ቢጨመር ነገ አገር ይጮሃል። የተቆለፈውን ግን ቁልፉን የያዘው ብቻውን ሆኖ እንዳሻው ያደርገዋል። ይህን ሁሉ ለጌትነት ነገርኩት። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንዳች ነገር ጻፈና «ገንቢ አስተያየት ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ክፈተው፣ አንተው እያየህ አሳየን።»

ጌትነት ፊቱ ቀላ። መቀመጫው ላይ ተቁነጠነጠ። በመጨረሻ እኔን ወደ ጥግ ጎተት አድርጎ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ልክፈተው ብልም አልችልም። የይለፍ ቃሉ ጠፍቶብኛል» አለኝ።

የጠፋበትን መንገድ ሳልነግራችሁ ባልፍ ሆዴ ይቆርጠኛል። ደሴ ላይ አሰልጣኙ «የይለፍ ቃላችሁን የትም እንዳትጽፉ። ለሚስት፣ ለጓደኛ፣ ለአለቃ እንዳትነግሩ» ብሎ ከባድ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። ጌትነት ታዛዥ ልጅ ነው፣ አልጻፈም። ግን ደግሞ አሰበ። ብረሳውስ? ብታመምስ? ለማይናገር ሰው መንገር አለብኝ አለ። በቀበሌው ውስጥ ቢሰቅሉት የማይናገር ሰው ማን ነው? የንስሐ አባቱ! ስለዚህ በጾም መግቢያ፣ ከሌላ ሌላ ኃጢአቱ ጋር አድርጎ፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለባትን ያቺን ቃል ለመምሬ ታደሰ ተናዘዛት። ከዚያ ሁለት ወር ኮምፒውተሯን ሳይከፍታት ቆየና ቃሉ ከራሱ ጠፋ።

«ታዲያ መምሬ አሉ አይደል? እንሂድ» አልኩት።

መምሬ ታደሰ ማሳቸው ዳር አረም ሲያርሙ አገኘናቸው። ጌትነት መስቀል ተሳልሞ «መምሬ፣ ያችን በጾም መግቢያ የነገርኩዎትን ቃል ይንገሩኝ እስቲ። ፊደልም ቁጥርም ያለባትን» አላቸው።

«ምን ማለትህ ነው፣ ልጄ? በንስሐ የሰማሁትን መልሼ ላወጣ?»

«የራሴ ናት እኮ!»

«የራስህ የነበረችው እስክትናዘዛት ነው። እኔ የሰማሁትን ከመስቀሉ ሥር ጥዬው ነው የምነሳው። ያቺን ደግሞ ምን ዓይነት ኃጢአት እንደሆነች ስላልገባኝ ቶሎ እንድረሳት አጥብቄ ጸልዬባታለሁ። ስገድ ያልኩህን ሰግደሃል?»

«ሰግጃለሁ።»

«እንግዲያው ተሰርዮልሃል» ብለው ወደ አረማቸው ተመለሱ።

ሉባባ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ቁጣዬ ደረሰብኝ። እንዴ! የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ስም፣ በአንድ ልጅ ራስና በአንድ ቄስ ጸሎት መካከል ወድቆ ሲጠፋ የሚጠይቅ የለም? ያ ባሕር ማዶ ያለ ሌባ እኮ እንዲህ አድርጎ መሰወር አይችልበትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኼው ነው፤ መብቱ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፣ መዝገቡ ሥርየት አግኝቷል።

«የብረት ሳጥኑስ?» አልኩት ጌትነትን።

«ቁልፉ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ነው። ማኅተም አለበት፤ ያለ ኮሚቴ አይከፈትም።»

«ኮሚቴውስ መቼ ይሰበሰባል?»

«ከምርጫው በኋላ።»

ለሉባባ ስምንት ቀን ቀርቷታል። ጋሽ ይማምን እንዲመሰክርላት ብንለምነው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እኔ እዚሁ ነው የምኖረው» አለ። አልፈረድኩበትም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እየተባለ ያደገ ሰው ነው፣ ያውም ንጉሡ የቅርብ ጎረቤቱ ሲሆን። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ በሃያ ዓመት ውስጥ ከጻፍኩት ሁሉ አጭሯን ማመልከቻ ጻፍኩ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበረባት፦ «ከሳሽ ኮሚቴ ሉባባ አልነበረችም ካለ፣ ባለፈው ምርጫ ከስሟ ትይዩ ያረፈው አሻራ የማን ነው? አሻራው የራሷ ነው ከተባለ፣ ከቀበሌው ጠፋች የተባለችው ማን ናት? መልሱን ለማወቅ መዝገቡ በሕዝብ ፊት ይከፈትልን።» ግልባጭ ለወረዳ፣ ግልባጭ ለዞን፣ ግልባጭ ለክልል ብዬ ከሥሩ ደረደርኩ። ግልባጮቹን ለመላክ እንኳ አልቸኮልኩም፤ ዝርዝሩን ማየቱ ይበቃቸዋል።

እነሆ ተአምር! ከምርጫው በኋላ ይሰበሰባል የተባለው ኮሚቴ በሦስተኛው ቀን ተሰበሰበ። በአራተኛው ቀን ሉባባ ተጠራች። እኔም ሳልጠራ ሄድኩ።

ሊቀ መንበሩ ፈገግ ብሎ ተቀበለን። ወንበር አስመጣ። «ተጣርቷል። ስህተት ነበር፣ ታርሟል» አለና ደብዳቤውን ራሱ አነበበልን። እንዲህ ይላል፦ «ኮሚቴው ባደረገው ጥልቅ ማጣራት፣ ወይዘሮ ሉባባ በተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ ከቀበሌያቸው ተለይተው የማያውቁ መሆናቸው ስለተረጋገጠ፣ ይዞታቸው እንደተጠበቀ ሆኖ ይቀጥላል።»

ተለይተው የማያውቁ! ሴትዮዋ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ሻንጣዋ ላይ ያለው የአየር መንገድ ወረቀት ገና አልተላጠም። የጅዳ ካውያ ክንዷ ላይ ነው።

«እንግዲህ ማመልከቻውን አንሥቻለሁ ብለሽ ትፈርሚና አለቀ። የመዝገቡ ጥያቄ ይቀራል» አላት። ጌትነት የተዘጋጀውን ወረቀትና የቀለም ሳጥኑን ወደ እሷ ገፋ። አንገቱን ደፍቷል።

ሉባባ ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አነሣች።

«በእሱ አይደለም፤ ጣትሽን አሳርፊ» አላት ጌትነት።

«እኔ እኮ ፊርማ አለኝ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ።»

«አሻራ ይሻላል። መዝገቡ ላይ ያለው አሻራ ስለሆነ እንዲመሳሰል ነው።»

ጌትነት ምን እንዳመለጠው የገባው ከተናገረ በኋላ ነው። እኔ ጌትነትን አየሁ፣ ጌትነት ሊቀ መንበሩን አየ፣ ሊቀ መንበሩ መስኮቱን አየ፤ መስኮቱ ላይ ደግሞ «መብት አለዎት» የሚለው ወረቀት በጀርባው በኩል ተገልብጦ ይነበባል።

«መዝገቡን አይታችሁታል ማለት ነው!» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። «ታሽጓል አላላችሁም? ኮሚቴ አላላችሁም? ሳይበር አላላችሁም?»

«ማጣራት ነበረብን» አለ ሊቀ መንበሩ፣ ወገቡ ላይ ያለውን የቁልፍ ዘለላ በእጁ ሸፈን አድርጎ።

የተቆለፈው ለእኛ ብቻ ነበር። ባሕር ማዶ ያለው ሌባ ሰበብ ነው፣ የመምሬ ጸሎትም እንዲሁ አንድ ሳምንት አሳቀን፤ የብረት ሳጥኑ ግን እነሱ በፈለጉት ሰዓት ይከፈትና ይዘጋ ነበር። ደሜ ፈላ። ብድግ ብዬ «እንግዲያው አሁኑኑ ለእሷም ይከፈት! ስሟ ነው፣ ታየዋለች!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ቀለሙ ተረጨ።

ሊቀ መንበሩ አልተቆጣም። ወደ እኔም አልዞረም። ወደ ሉባባ ዘንበል ብሎ፣ በለሆሳስ፣ «መሬቱን ነው የምትፈልጊው ወይስ መዝገቡን?» አላት።

እሷ ወደ እኔ ዞረች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጠረጴዛ ከመምታት ወዲያ ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም። ያ አሻራ ከተገለጠ ስንት የሌሉ ሰዎች ጣት አብሮ እንደሚገለጥ አውቃለሁ፤ ከጅዳና ከሪያድ ያሉት የዚያች ቀበሌ ልጆች ብቻ ስንት ናቸው! መዝገቡ ቢከፈት ለአገር ይጠቅም ነበር። ግን መሬቱ የእኔ አይደለም። ሁለት ጥማዷን «ለአገር ስትይ ጣያት» ብዬ የማስፈርድባት እኔ ማነኝ? ዓይኔን ከዓይኗ አነሣሁና ወለሉን አየሁ። ልክ እንደ ጋሽ ይማም።

ሉባባ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፣ ያረፈውን ትንሽ ጎንበስ ብላ አየችው። «በስሜ ካረፈው ሁሉ የገዛ ጣቴ ይኼ መጀመሪያው ነው» አለች። ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ቀና ብላ «ማንን እንደመረጥኩ እንኳ ብትነግሩኝ ምናለበት?» አለችው። ሊቀ መንበሩ «እሱማ ምስጢር ነው» አላት። ሲቀልድ አልነበረም።

ወጣን። እኔ እየተራገምኩ ከፊት፣ እሷ ልትሸኘኝ ከኋላዬ። ጌትነት በር ድረስ ሸኝቶን «ይቅር በሉኝ፣ ጋሼ» አለኝ፤ ለመምሬ ንገራቸው አልኩት። ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ደከመኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኖ የሉባባ መሬት ይታያል፤ ጋሽ ይማም በሬዎቹን ጠምዶ ዳሩን እያረሰ ነው። ከመሬቱ ወረድ ብሎ መስጊዱ፣ ከመስጊዱ ጎን እናቷ ያረፈችበት መቃብር አለ። መካነ ሰላም ገብቼ ግልባጮቹን ሁሉ እልካለሁ፣ በራሴ ስም እጽፋለሁ፣ አልለቃቸውም እያልኩ እፎክራለሁ። እሷ አትሰማኝም። አብሽሪ፣ መሬትሽ ተርፏል አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። የጣቷን ቀለም በሻሿ ጫፍ ስትጠርግ ቆየች፣ አልለቅ አላት። ከዚያ ደብዳቤውን ከፌስታሉ አወጣችና ያቺን መስመር እንደገና አነበበቻት፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። ደጋግማ አነበበቻት።

«ጋሼ» አለችኝ፣ ዓይኗን መቃብሩ ላይ ተክላ፣ «ከቀበሌዬ ካልተለየሁ፣ እናቴ ስትቀበር የት ነበርኩ ይሉኛል?»

ሃያ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ፣ ይህን ጥያቄ የምጽፍበት መሥሪያ ቤት እስካሁን አላገኘሁም።